ብቻውን የሚቆጥር

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ይቺን ቦርድ እስቲ ይዩልኝ። ክብሪት ቀፎ ውስጥ ትገባለች። የቀረኝ ክሪስታል ብቻ ነው፤ 8 ሜጋኸርዝ ከእርስዎ መሳቢያ አይጠፋም ብዬ መጣሁ።

ጠጋኙ፦ ከመሳቢያዬስ አይጠፋም። መጀመሪያ ግን ምን እንደምትሠራ ንገሪኝ።

ተማሪዋ፦ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን ትቆጣጠራለች። ቢሾፍቱ ላለ ሰው ነው። ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ ትይዛለች፤ በየ2 ሰዓቱ ሞተር አስነስታ እንቁላሉን ትገለብጣለች፤ በ18ኛው ቀን መገልበጡን ታቆማለች፤ በ21ኛው ቀን ትጮኻለች። በየደቂቃው ደግሞ ሙቀቱን ለስልክ ትልካለች።

ጠጋኙ፦ ቺፑስ?

ተማሪዋ፦ ኤቲታይኒ 85። ስምንት እግር አለው።

ጠጋኙ፦ እንቁጠራቸዋ። ሁለቱ ለፕላስና ለማይነስ ሄዱ። አንዱ ሪሴት ነው። አምስት ቀረሽ። ማሞቂያው አንድ፣ ሞተሩ ሁለት፣ የሙቀት መለኪያው ሦስት፣ ጩኸቱ አራት፣ ስልኩ አምስት። ክሪስታል ሁለት እግር ይፈልጋል። የማንን ልትቆርጪለት ነው?

ተማሪዋ፦ እሱን አስቤበታለሁ። 14 እግር ያለው ኤቲታይኒ 84 አለ፤ በእሱ እቀይረዋለሁ።

ጠጋኙ፦ ይኼማ ለባርኔጣው ብሎ ራስን እንደ መቀየር ነው። ልጄ፣ ቺፑ እኮ በሆዱ የራሱ ምት አለው። ውስጡ ያለች ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል ስትሞላና ስትጎድል ራሷ 8 ሜጋኸርዝ ትመታለች። እግር አትወስድ፣ ቦታ አትወስድ፣ ብር አትወስድ።

ተማሪዋ፦ መምታቱንስ ትመታለች፤ እንዴት ብላ ነው እንጂ። የፋብሪካው ሰነድ ራሱ 10 በመቶ ልትስት ትችላለች ይላል። 10 በመቶ በቀን 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። የተለመደ ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ቢስት ነው፤ በቀን ሁለት ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ይኼኛው ሰዓት ነው፣ ያኛው ግምት ነው።

ጠጋኙ፦ 10 በመቶው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ቺፑ ውስጥ የማስተካከያ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ቁጥሩን ከፍ ዝቅ አድርገሽ ብታገኚው 1 በመቶ ውስጥ ይገባልሻል፤ ይህንንም የሚለው ያው ሰነድ ነው።

ተማሪዋ፦ 1 በመቶም ቢሆን በቀን 14 ደቂቃ ነው።

ጠጋኙ፦ በቀን ለምን ትቆጥሪዋለሽ? ማን ጠየቀሽ? እንቁላሉ የሚገለበጠው በየ2 ሰዓቱ ነው ብለሻል። የ2 ሰዓት 1 በመቶ 72 ሴኮንድ ነው። ታቃፊ ዶሮ እንቁላሏን በአፏ የምትገለብጠው ሰዓት አይታ ነው?

ተማሪዋ፦ ዶሮዋ 21 ቀኑንም አትቆጥርም፤ እኔ ግን ልቆጥርላት ነው። ስህተት ደግሞ ይጠራቀማል።

ጠጋኙ፦ እሺ፣ እናጠራቅመው። 21 ቀን 504 ሰዓት ነው። 1 በመቶው 5 ሰዓት ይሆናል። ጫጩቶቹ ራሳቸው በአንድ ፊሽካ አይወጡም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ያረፍዳል። 5 ሰዓት እዚያ መሃል ጠፍቶ ይቀራል። 10 በመቶውን ሳታስተካክዪ ብትተዪው ግን ከ2 ቀን በላይ ይስታል፤ መገልበጥ መቆም ባለበት ቀን ሞተሩ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ማስተካከሉ ግዴታሽ ነው። ክሪስታሉን ግን ግዴታ ያደረገብሽ አላየሁም።

ተማሪዋ፦ ስልኩን ረሱት። ወሬው የሚሄደው በብሉቱዝ ሞጁል በኩል፣ በ9600 ፍጥነት ነው። አንዱ ቢት 104 ማይክሮሴኮንድ ይፈጃል። ተቀባዩ የመጀመሪያዋን ጠርዝ ካየ በኋላ የሚቆጥረው በራሱ ሰዓት ነው፤ እያንዳንዱን ቢት ወገቡ ላይ ለማንበብ ይሞክራል። የሁለታችን ምት በ5 በመቶ ከተለያየ፣ አሥረኛው ቢት ላይ ስንደርስ ግማሽ ቢት ተዛንፈናል፤ የጎረቤቱን ያነባል። 37 ብዬ የላክሁት ምን ሆኖ እንደሚደርስ አላውቅም። ለዚህ ነው በየወገኑ ከ2 በመቶ አትለፉ የሚባለው።

ጠጋኙ፦ 1 ደግሞ ከ2 ያንሳል።

ተማሪዋ፦ እዚህ ልደታ፣ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያንሳል። ሰነዱ 1 በመቶውን የሰጠው ለአንድ ሙቀትና ለአንድ ቮልት ነው። ሲሞቅ ይለወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይለወጣል፣ ባትሪ ሲደክም ይለወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ጠጋኙ፦ ሳጥንሽ ስንት ዲግሪ ነው ያልሽኝ?

ተማሪዋ፦ 37.5።

ጠጋኙ፦ ቀንም ሌሊትም?

ተማሪዋ፦ ቀንም ሌሊትም።

ጠጋኙ፦ እንግዲያው ስሚኝ። ምታቸው ቅንጣት እንዳይዛባ የሚፈልጉ ትልልቅ መሣሪያዎች ክሪስታላቸውን የሚያኖሩት ትንሽ ምድጃ ውስጥ ነው። ውጭው ቢበርድም ቢሞቅም የምድጃው ሙቀት አይነቃነቅም፤ ክሪስታሉም አብሮ ይረጋል። አንቺ ምድጃውን ሠርተሽ ጨርሰሻል። ቺፑን እንቁላሉ አጠገብ አስቀምጪው፣ በ37.5 ዲግሪ አስተካክዪው፣ ቮልቱን በሬጉሌተር ያዢው። ከዚያ በኋላ የቢሾፍቱ ቀትርና የቢሾፍቱ ንጋት ለቺፑ አንድ ናቸው።

ተማሪዋ፦ ይኼ ቆንጆ መልስ ነው፤ መብራት እስኪጠፋ ድረስ። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ይቀዘቅዛል፣ ሥራው ወደ ባትሪ ይዞራል። እኔ ደግሞ ሰዓት አጥብቄ የምፈልገው ያኔ ነው። እንቁላሉ ስንት ሰዓት በረደው? የእርስዎ ምት የሚታመነው ምንም ባልተፈጠረበት ቀን ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ጠጋኙ፦ 3 ሰዓት ጠፋ እንበል። ምቱም ከብርዱ የተነሳ 3 በመቶ ሳተ እንበል። የ3 ሰዓት 3 በመቶ አምስት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። እንቁላሉን እንጣለው ወይስ እናቆየው ስትይ፣ በአምስት ደቂቃ ትወስኛለሽ?

ተማሪዋ፦ አልወስንም። ግን ሳጥኑ ውስጥ እርጥበትም አለ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ 70 በመቶ እናደርሰዋለን። ቺፑን እዚያ አስገባው ሲሉኝ እሱንም ያስቡበት።

ጠጋኙ፦ እርጥበቱማ የኔ ምስክር ነው። በክሪስታል እግሮች ላይ ያለው ምት ደካማ ነው። ያልተጠረገ የብየዳ ቅባት ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ መንገድ ያበጅለትና ያፈሰዋል። በተለይ የእጅ ሰዓት ክሪስታል፣ ባለ 32,768ቷ፣ በዚህ ነገር ትታወቃለች። በክረምት ዝም ብላ በበጋ የምትነሳ አይቻለሁ። የቺፑ የውስጥ ምት ግን በፕላስቲክ ታሽጎ ነው የተወለደው።

ተማሪዋ፦ ክሪስታልን ጠልተውታል።

ጠጋኙ፦ አልጠላሁትም። ስንጥር ድንጋይ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይርገበገባል፣ ሲርገበገብ መልሶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ወንድማማቾቹ ኩሪዎች ይህን ጠባይ ያገኙት በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። ሴይኮ በ1969 እ.ኤ.አ. በኳርትዝ የሚሠራውን የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያወጣ የመዘውር ሰዓት ሠሪዎችን አንቀጠቀጠ። ይኼን ሁሉ አከብራለሁ። ግን ድንጋይ ነው፤ ሬዲዮው ከመደርደሪያ ሲወድቅ ድንጋዩ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሰዎች ምናለሽ ተራ ሄደው ካሮጌ ዲቪዲ የተነቀለ ይገዛሉ። ላዩ ላይ 8.000 ይላል። የሚፈልገው ካፓሲተር ስንት ፒኮፋራድ እንደሆነ ግን ላዩ ላይ አይጻፍም። 22 ያደርጉበታል፣ እሱ 12 የለመደ ይሆናል። ማታ ይነሳል፣ ጠዋት እምቢ ይላል።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ሴራሚክ ሬዞኔተርስ? ካፓሲተሮቹ በሆዱ ናቸው፤ ስህተቱም ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ተማሪ ሁሉ የሚለማመድበት አርዱዊኖ ኡኖ፣ ዋናው ቺፕ የሚሠራው በሴራሚክ ነው። ክሪስታሉ የተቀመጠው ዩኤስቢውን ለሚይዘው ለትንሹ ቺፕ ነው።

ጠጋኙ፦ ምሳሌሽን ልስረቅሽ። አንድ ቦርድ ላይ ሁለት ምት አለ። ትክክለኛውን ለማን ሰጡት? ከኮምፒውተር ጋር ለሚያወራው። ባለ ሙሉ ፍጥነት ዩኤስቢ ከሩብ በመቶ በላይ ስህተት አይታገስማ። የራሱን ሥራ ለብቻው የሚሠራውን በሴራሚክ ተዉት። ለመሆኑ ሴራሚክሽ ስንት የቺፕ እግር ይወስዳል?

ተማሪዋ፦ እሱም ሁለት። አንድ እግር ብቻ የሚወስድ አለ፤ ማስነሻው አብሮት የተሠራ፣ ሲሊከን ሆኖ የሚርገበገብ። 1.5 በ0.8 ሚሊሜትር የሆነም አለው።

ጠጋኙ፦ የጤፍ ዘመድ። በማን ዓይንና በማን እጅ ልትበይጂው ነው?

ተማሪዋ፦ እሺ፣ እሱን ተውኩት።

ጠጋኙ፦ ሰማሽ፣ ባቡሩ አለፈ። ይኼ ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ጀምሮ አንድ ነገር ያስተምረኛል። ከልደታ እስከ መስቀል አደባባይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ወደ ቃሊቲ፣ አንዱ ወደ አያት ይለያያሉ። አያት ጫፍ ላይ ያለ ባቡር አንድ ደቂቃ ቢዘገይ የሚቆጣው ተሳፋሪው ነው። ልደታ መገናኛው ላይ ቢዘገይ ግን የሌላኛውን መስመር ባቡር ያስቆማል። ስህተቱ ያው አንድ ደቂቃ ነው። ዋጋው የተለያየው ሐዲድ በመጋራቱ ነው።

ተማሪዋ፦ እኔም እኮ የምለው ይህንኑ ነው! ስልኩ የጋራ ሐዲዴ ነው።

ጠጋኙ፦ በጋራ ሐዲድ ላይ ለመግባባት ሁለቱም የወርቅ ሰዓት ማሰር የለባቸውም፤ አንዱ አስሮ ሌላው ቢሰማው ይበቃል። የመኪና በርና መስታወት የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ቺፖች ሊን በሚባል አንድ ሽቦ ይነጋገራሉ። አለቃው ሊናገር ሲል በቅድሚያ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ እያለች የምትመታ ፊደል ይልካል። ታዛዡ የምቷን ርዝመት ለክቶ የራሱን ሰዓት በዚያ ያስተካክላል። ሳይሰማ እስከ 14 በመቶ ቢዛነፍ እንኳ ይፈቀድለታል፤ ሲሰማ ይስተካከላላ። የፈረንጅ ፊደል «ዩ» በስልክ ስትላክ ልክ እንደዚያች ናት። ስልክሽ ማለዳ ማለዳ አንድ «ዩ» ይላክላት።

ተማሪዋ፦ ለመስማትም እኮ እግር ያስፈልጋል። አምስቱም አልቀዋል።

ጠጋኙ፦ የጩኸቱን እግር ተዋሺ። ካልጮኸች እየሰማች ነው። መሃል ላይ አንድ ሬዚስተር ጣል አድርጊ።

ተማሪዋ፦ ስልኩ ባወራ ቁጥር ትንጫጫለቻ!

ጠጋኙ፦ ትንጫጫ፤ የጫጩት ማሽን አይደለች?

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ መስማት ግን አደጋ አለው። የሚሰማ ሰው የተናጋሪውን ስህተትም ይወርሳል። በ2010 ዓ.ም.፣ በጥርና በየካቲት፣ በ25 የአውሮፓ አገሮች የምድጃና የራስጌ ሰዓቶች 6 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀሩ። እነዚያ ሰዓቶች የሚቆጥሩት የመብራቱን 50 ምት ነው። በኮሶቮና በሰርቢያ ጭቅጭቅ ኃይል ጎደለ፣ ምቱ ከ50 ጥቂት ዝቅ አለ፣ የአገሩ ሰዓት ሁሉ ተከትሎ ዘገየ። ማንም አልተበላሸም፤ ሁሉም በታማኝነት ሰሙ፣ ሁሉም ሳቱ።

ጠጋኙ፦ እርስ በርሳቸውስ ተለያዩ?

ተማሪዋ፦ እርስ በርስማ አልተለያዩም።

ጠጋኙ፦ ታዲያ ምን ጎደለባቸው? ሁሉም አብረው ስድስት ደቂቃ ተኙ።

ተማሪዋ፦ ጣቢያው ሲደርሱ ባቡሩ ሄዷል። ባቡሩ የእነሱን ምድጃ አይሰማማ።

ጠጋኙ፦ እሱስ ልክ ነሽ። መንደሩ የተስማማበት ስህተት የሚጋለጠው ከመንደሩ ውጭ ነው።

ተማሪዋ፦ ስለዚህ የማይሰማ፣ ብቻውን የሚታመን አንድ ሰዓት ልጨምርላት። ዲኤስ 3231። ክሪስታሉ በውስጡ ነው፣ ሙቀቱን ራሱ እየለካ ራሱን ያርማል፣ ከሚሊዮን 2 ቢስት ነው። የራሱ ትንሽ ባትሪ ይገጠምለታል፤ መብራት ቢጠፋ መቁጠሩን አያቆምም።

ጠጋኙ፦ ጎበዝ ዕቃ ነው። ጳጉሜን አለማወቁ ብቻ ነው፤ እሱን አንቺ ታሰይለታለሽ። ስንት እግር ይፈልጋል?

ተማሪዋ፦ ሁለት። ሁሉም መንገድ ወደ ሁለት እግር ይመልሰኛል።

ጠጋኙ፦ ለ21 ቀን ደግሞ ከሚሊዮን 2 ማለት አራት ሴኮንድ አይሞላም። ለአራት ሴኮንድ የሚቸኩል ጫጩት አላውቅም።

ተማሪዋ፦ ይሁን፤ የሰዓቱን ነገር እንተወው። ስለ ጥገና ልጠይቅዎ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሾፍቱ ላይ ቺፑ ይቃጠላል እንበል። እዚያ ያለ ጠጋኝ አዲስ ቺፕ ይገዛል፣ ይተክላል። ያ ቺፕ የእርስዎ ማስተካከያ የለውም። 10 በመቶው ተመልሶ ይመጣል። ሰውየው ምንም አያይም፤ ማሞቂያው ይሠራል፣ ሞተሩ ይዞራል። የሚያውቀው በ21ኛው ቀን፣ ጫጩቶቹ ባልታሰበ ሰዓት ሲወጡ ነው።

ጠጋኙ፦ ይኼን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ተማሪዋ፦ ለዚህ ነው ለእርስዎ ያስቀመጥኩት።

ጠጋኙ፦ ግን መልስ አለኝ። ባዶ ቺፕ ክሪስታል ቢኖረውም ፕሮግራም ሳይጫንበት ዱዳ ነው። ፕሮግራሙን የሚጭነው ሰው ቁጥሩንም ይጫነው።

ተማሪዋ፦ ፕሮግራሙ ለሁሉም ቺፕ አንድ ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ ይላካል። ቁጥሩ ግን የየቺፑ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። መለካት የሚችል ሰው፣ መለኪያ፣ ጊዜ ይፈልጋል። ክሪስታል ቢሆን ግን ቦርዱ ላይ ያለው ለአዲሱም ቺፕ ያገለግላል፤ ሲነሳም ልክ ነው። የእርስዎ ቦርድ አንድ ዕቃ ቀነሰ አሉኝ። እኔ የማየው አንድ የማይታይ ዕቃ ሲጨምር ነው፤ ያ ዕቃ እርስዎ ነዎት።

ጠጋኙ፦ ተመትቻለሁ። ግን ልነሳ። አዲሱ ቺፕ ስልኩ «ዩ» ሳይልለት ሥራ አልጀምርም ይበል። ያኔ ዝም ብሎ የሚስት ቺፕ አይኖርም፤ ወይ ይስተካከላል ወይ ይጮኻል። አሁን ደግሞ የአንቺን እንየው። ሳጥኑ ወደቀ፣ ክሪስታሉ ተሰነጠቀ፣ ምቱ ቆመ። ቺፑ በነበረበት ይደርቃል። ማሞቂያው በርቶ ከነበረስ?

ተማሪዋ፦ እንደበራ ይቀራል።

ጠጋኙ፦ እንቁላሉ ይቀቀላል። የኔ ምት ሲያረጅ ይንገዳገዳል፤ ያንቺ ሲሞት በአንዴ ነው።

ተማሪዋ፦ ለዚያ ዋችዶግ አለ። ዋናው ምት ቢቆም ቺፑን ሪሴት ያደርገዋል፣ እግሮቹ ይለቀቃሉ፣ ማሞቂያው ይጠፋል።

ጠጋኙ፦ ዋናው ምት ቆሟል አልኩሽ። ዋችዶጉ በምን ቆጥሮ ነው የሚነቃው?

ተማሪዋ፦ በራሱ። 128 ኪሎኸርዝ የውስጥ ምት አለው።

ጠጋኙ፦ ትክክለኛ ነው?

ተማሪዋ፦ አይደለም። ግምት ነው።

ጠጋኙ፦ እና ትክክለኛው ሲሞት እንቁላሉን ያዳነው ግምቱ ነው።

ተማሪዋ፦ እሱን ይውሰዱት። ዘበኛ ሰዓት ባይኖረው ዘበኛ ከመሆን አይወጣም። ነገር ግን ማንም ዘበኛን የሒሳብ ሹም አያደርግም።

ጠጋኙ፦ እንግዲያው አንድ ጥያቄ መልሺልኝና ክሪስታሉን ውሰጂ። ሰውየው ሳያያት፣ ስልኩም ሳያናግራት የምትቆይበት ረጅሙ ዝምታዋ ስንት ቀን ነው?

ተማሪዋ፦ ለገበያ ወዲህ መጥቶ ዘመድ ቤት ከሰነበተ፣ አንድ ሳምንት።

ጠጋኙ፦ የሳምንት 1 በመቶ?

ተማሪዋ፦ 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ገደማ። ለጫጩቱ ይበቃል። 10 በመቶ ከሆነ ግን 17 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ያ አይበቃም። ስለዚህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ያቺን ቁጥር በጊዜው የሚያስገባ ሰው በመኖሩ ላይ ነው።

ጠጋኙ፦ ወይም የሚያስገባት ፕሮግራም በመኖሩ ላይ። አንቺ በሰው አታምኚም፣ እኔ በድንጋይ አላምንም።

ተማሪዋ፦ አሥር ቦርድ ቢሆን እርስዎ ያሉትን አደርግ ነበር። ሁለት መቶ ቢሆንስ?

ጠጋኙ፦ ሁለት መቶ ቢሆን ፕሮግራም የሚጫንበት ማቀፊያ ራሱ ምቱን ለክቶ ቁጥሩን ይጽፍበታል። ማቀፊያው ላይ አንድ ጥሩ ክሪስታል ይበቃል። አንዱ ለሁለት መቶው።

ተማሪዋ፦ ሁለት መቶ አንደኛው፣ ቢሾፍቱ ላይ የተቀየረው ግን ያንን ማቀፊያ አያውቀውም።

ጠጋኙ፦ አያውቀውም። ሦስተኛው መሳቢያ፣ በስተግራ። 8.000 የሚለውን አንሺ፤ እንዳይወድቅብሽ። ወይም ደግሞ ወንበሩን ሳቢና ቁጥሩን አብረን እንፈልገው።

ተማሪዋ፦ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ጠጋኙ፦ በማን ሰዓት?